አልለቅ ያለው ቢጫ

በሰፈሩ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ይምጣ ቢባል ከእናቷና ከታላቅ ወንድሟ በቀር የሚመጣ የለም። ሌላው ሁሉ «በረኪና» ነው የሚላት፤ አክባሪዎቿ ደግሞ «እትዬ በረኪና»። ስሙ የወጣላት በረኪና ስለምትወድ እንዳይመስላችሁ። አንድ ደንበኛ የአያቱን የጠረጴዛ ልብስ ይዞላት መጣና «እንዳትለፊ ብዬ ነው» እያለ ከከረጢቱ የበረኪና ጠርሙስ ሲያወጣ፣ ጠርሙሱንም ሰውየውንም ባንድነት ከግቢ አስወጣቻቸው። የጠረጴዛ ልብሱን ግን አስቀርታ አጠበችለት። ሰውየው ታሪኩን ለሰፈሩ ሁሉ እያሳቀ ሲያወራ ስሙ ተለጠፈባት፤ እሷም ጥቂት ከተኮሳተረች በኋላ «አቤት» ማለት ጀመረች።

እንጀራዋ ያረጀ ነጭ ነገር ማጠብ ነው። አዲስ ልብስ ይዞ የመጣ ሰው «እሱን ማሽን ይጠበው» ተብሎ ይመለሳል። ወደሷ የሚመጣው ሣጥን ውስጥ ተረስቶ የወየበ አንሶላ፣ የሟች እናት የትራስ ልብስ፣ አንዴ ተለብሶ የተቀመጠ የሙሽራ ቀሚስ ነው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያመጣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ በሽተኛ ይዞ የመጣ ይመስላል። በረኪናም እንደ ሐኪም ትኮሳተራለች። ጨርቁን በመስኮቱ ብርሃን ዘርግታ የሳሳውን ቦታ ትፈልጋለች፣ ጥጉን አርጥባ ትሞክራለች፣ ከዚያ ወይ «ይቻላል» ወይ «ይዘሽው ሂጂ፣ እንዳለ ውደጂው» ትላለች። ስለ በረኪና ለሚጠይቃት መልሷ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ክሩን በልቶ ነው የሚያነጣው፣ ሲውል ሲያድር ደግሞ ቢጫው ብሶበት ይመለሳል።

ባል ነበራት፣ አሁን የለም። ምን ሆነ ብለው ለሚነዘንዟት «ታጥቦ አልጠራ አለኝ» ትላለች፤ ወሬውም እዚያ ላይ ያበቃል።

ዓይኗን ያሠለጠነችው እናቷ ናት። እናትየዋ በጉልበቷ ዘመን የአንድ ትልቅ ሆስፒታል የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ነበረች። በር ላይ ቆማ የተደረደረውን አንሶላ አየት ታደርግና «ያ ከመሀል ያለው በደንብ አልተለቀለቀም» ትላለች፤ ወጥቶ ሲታይም እውነትም አልተለቀለቀም። ልጅቷን በትንሽነቷ አጠገቧ አቁማ «ይሄ ነጭ ነው?» ትላት ነበር። «ነጭ ነው።» «አይደለም። ደግመሽ እዪ።» ልጅቷ ዓይኗ እስኪያነባ ታያለች። መጀመሪያ ምንም አልታይ አላት፤ እያደር ግን ከነጩ ሥር የተኛችውን ቢጫ ማየት ቻለች፣ ሌላ ሰው የማያያትን፣ እንደ ቀጠነ ሻይ ያለችውን። በዚያ ቤት ሚዛኑ የእናትየዋ ዓይን ነበር። ቢጫ ነው ካለች ቢጫ ነው፤ ሙግት የለም።

እናትየዋ አርጅታ ከልጇ ጋር መኖር ከጀመረች ቆይታለች። ስትመጣ አንድ የእንጨት ሣጥን ይዛ መጣች፤ ከሣጥኑ ሥር ነጩ አልጋ ልብስ ነበር። ከቁርጥራጭ ነጭ ጨርቅ ገጣጥማ፣ ውስጡን ባዘቶ ጥጥ ሞልታ፣ ዳር እስከ ዳር በእጇ የሰፋችው ነው። የልጆቿ የመጀመሪያ ቀሚሶች አሉበት፣ የራሷ የሠርግ ልብስ ገበር አለበት፣ መሀል ለመሀል ደግሞ የባሏ ሸሚዝ ደረቱ ከነኪሱ ተሰፍቷል። ሰውየው ሲሞት ከልብሱ ሁሉ የተረፈው እሱ ብቻ ነበር። በቤቱ ያ ቁራጭ «አባባ» ነው የሚባለው። «አባባ ላይ አትቀመጡ»፣ «አባባ ላይ ውሃ እንዳታፈሱ»። አንዲት ጎረቤት በአንድ ወቅት «ይሄ ድሪቶ የማን ነው?» ብላ ስለጠየቀች እናትየዋ እስከ ዛሬ አኩርፋታለች።

አንድ ቀን ጠዋት እናትየዋ ሣጥኗን አስከፈተች። አልጋ ልብሱ ሲወጣ እንጨቱ የነካው በኩል እንደ አሮጌ ጋዜጣ ወይቧል፤ እጥፋቱም ላይ ቡናማ መስመር ሠርቷል።

«አንጪልኝ» አለች እናትየዋ። «እንደ ድሮው ሆኖ አንዴ ልየው። ከዚያ በኋላ የመጣው ይምጣ።»

«እማዬ፣ አርጅቷል እኮ። ክሩ ሳስቷል።»

«እኔም አርጅቻለሁ፤ ገላሽን አትታጠቢ ያለኝ ግን የለም።»

በረኪና ሳቀች፣ ግን ሆዷ አልሳቀም። የሰው ጨርቅ ሲበላሽ ይቅርታ ተብሎ ይታለፋል፤ ይሄ ቢበላሽ ግን ለእናቷ ምን ትላለች? ጥጉን አርጥባ ሞከረች፤ ጥጉ እሺ አላት። ትልቁን ገንዳ አጥባ ከሥር አሮጌ አንሶላ አነጠፈች፣ አልጋ ልብሱን በላዩ ላይ ዘረጋችና በቀዝቃዛ ውሃ ዘፈዘፈችው። ውሃው ሻይ መሰለ። ደፋችው፣ ሞላችው፤ እንደገና ሻይ መሰለ። ውሃው እየጠራ ሲመጣ በረኪና የሌለበትን ማንጫ ዱቄት ለብ ባለ ውሃ አሟሙታ ጨመረችበት፣ በመዳፏም ቀስ እያደረገች ተጫነችው። ማሸት የለም፣ መጭመቅ የለም። ከሁሉ የሚከፋው ማንሳቱ ነው። ጥጥ የሞላው ጨርቅ ውሃ ሲጠጣ እንደ ሰው ይከብዳል፤ እሱኑ ይዞ ያነሳ ሰው በገዛ ክብደቱ ይቀደድበታል። ስለዚህ መጀመሪያ ውሃው ከገንዳው ይወጣል፣ ጨርቁ እስኪንጠፈጠፍ ይጠበቃል፣ ከዚያ በሁለት ሰው ከሥር የተነጠፈው አንሶላ ብቻ በአራት ጥጉ ተይዞ ይነሳል። በረኪና ይህንን ሕግ አንድም ቀን አፍርሳ አታውቅም። የዛን ቀንም ጎረቤቷን ጠርታ አብረው አነሱትና ፀሐይ ላይ አሰጡት።

ሲደርቅ አይታ ዓይኗን ማመን አቃታት። የአባባ ኪስ ሳይቀር ነጭ ሆኗል። አቅፋው ወደ እናቷ ሮጠች።

እናትየዋ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ጨርቁን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። አገላበጠችው።

«ቢጫ ነው» አለች።

«እ?»

«ቢጫ ነው። አልለቀቀም። ደግመሽ እዪ።»

በረኪና ደግማ አየች። መጀመሪያ ምንም አልታያትም። ግን ዕድሜ ልኳን ሌላው የማያየውን ቢጫ ስታይ የኖረች ሰው ናት፤ እናቷ ካየችው እሷ ስታ ይሆናል። ጨርቁን ወደ ብርሃን ይዛ አፈጠጠች። አፍጥጣ ስትቆይ ደግሞ ቢጫዋ ብቅ ያለች መሰላት። ወይ ጉድ፣ ደክሜ ነው እንጂ እንዴት አለፈችኝ አለች። ጨርቄን ማቄን ሳትል ወደ ገንዳዋ ተመለሰች።

እዚህ ላይ ምልክቱ አልነበረም እንዳትሉ፤ ሞልቶ ነበር። እናትየዋ ስኳር ስትጨምር ማንኪያውን በጣቷ መዳበስ ከጀመረች ሰንብታለች። በር ሲንኳኳ ሰውየው ፊቷ ቆሞ እያለ «ማነው?» ትላለች። በረኪና ሁሉንም ለእርጅና ሰጠችው። ስለ ሌላው ነገር ሁሉ እናቷ አርጅታለች ብላ ታምናለች፤ ስለ ነጭ ግን እናቷ ልትሳሳት ትችላለች የሚል ሐሳብ በደጇም አላለፈ።

ሁለተኛው እጥበት ከመጀመሪያው ጠንከር ያለ ነበር። ዱቄቱን ጨመር፣ መዘፍዘፊያውንም ረዘም አደረገችው። ጨርቁ ሲደርቅ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ፣ ውስጡ ያለው ባዘቶ ይታያታል። ያረጀ ጨርቅን ሳያሳርፉ ደጋግሞ ማጠብ ነውር መሆኑን ከሷ የበለጠ የሚያውቅ የለም፤ ለደንበኛ ቢሆን ኖሮ እምቢ ባለች ነበር። እናትየዋ ግን እንደገና ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ ራሷን ነቀነቀች።

«ደክሞሽ እንደሆነ ደክሞኛል በይኝ። ለወንድምሽ ሚስት እሰጣታለሁ፤ እሷ ማሽን አላት።»

ይሄ ነገር በረኪናን አንጀቷ ድረስ ዘልቆ ወጋት። ማሽን! ማሽኑ አንዴ ቢያዞረው የሚወጣው ክርና ጥጥ ብቻ ነው። የወንድሟ ሚስት ደግሞ እጇ ከበረኪና ጠርሙስ ተለይቶ አያውቅም። ደሟ ፈላ፤ በእናቷ ላይ ይሁን በራሷ ላይ እሷም አላወቀችም።

«እኔ ነኝ የማጥበው» አለች። «ለማንም አይሰጥም።»

በሦስተኛው ውሃው ከለብታ አለፈ፤ ዱቄቱም ለጠንካራ በፍታ እንኳን ደፍራ ከምታደርገው በላይ ሆነ። አልጋ ልብሱ እየተዘፈዘፈ እያለ፣ ዳር ላይ የሳሳውን ቦታ ከሥር የምትደግፍበት አዲስ ነጭ ጨርቅና ክር ልትገዛ ወጣ አለች። ባለሱቁ ከጥቅልሉ ቆርጦ ሰጣት። ብርሃን ላይ ዘርግታ አየችው፤ ሰማያዊ የሚመታው፣ ውሃ ያልነካው አዲስ ነጭ ነው። ቤት ስትገባ እናትየዋ እጇን ዘረጋች።

«እስኪ አሳዪኝ።» አስጠግታ አየችውና ፊቷ ተኮማተረ። «ይሄን አሮጌ ጨርቅ ከየት አመጣሽው? አታለሉሽ እኮ። ይሄም ወይቧል።»

በረኪና ክው አለች።

«እማዬ፣ ይሄ አዲስ ነው።»

«አዲስ? ቅቤ መስሎ?»

በረኪና ከጓዳ ጨው በሳህን ይዛ መጣች። «ይሄስ ምን ይመስልሻል?» እናትየዋ ቢጫ ነው አለች። ግድግዳው? ቢጫ። ባለፈው ወር የተቀባው የበሩ ነጭ ቀለም? «ምን ሆነሻል አንቺ? ትፈትኚኛለሽ እንዴ? ቢጫ ነው አልኩሽ!» ድምፅዋ ከፍ ብሎ ነበር፣ ግን ከቁጣው ሥር ፍርሃት ነበረበት። በረኪና ወደ እናቷ ዓይኖች ተጠግታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እንደ ጨርቅ በብርሃን አየቻቸው። ብሌኑ ላይ ጭጋግ የመሰለ ነገር ተኝቷል።

ቢጫው የእናቷ ዓይን ውስጥ ነበር። አልጋ ልብሱ ከመጀመሪያው እጥበት ጀምሮ ነጭ ነበር።

ሰማይና ምድር ተደበላለቀባት። ያን ጊዜ ትዝ ያላት ገንዳው ብቻ ነው፤ ያ ሁሉ ዱቄት፣ ያ ሙቅ ውሃ፣ ያ የሳሳ ጨርቅ። እየሮጠች ወደ ማጠቢያ ክፍሏ ገባች። ውሃውን አላወጣችም። ጎረቤቷን አልጠራችም። ከሥር ስለተነጠፈው አንሶላም አላሰበችም። ሁለት እጇን ውሃው ውስጥ ነክራ አልጋ ልብሱን ከመሀሉ አፈፍ አድርጋ አነሳችው።

ደረቅ ጨርቅ ሲቀደድ ይጮኻል። እርጥብ ጨርቅ ድምፅ የለውም፤ ጣቷ ላይ ብቻ ነው የተሰማት፣ አንድ ነገር ቀስ ብሎ እንደለቀቀ። ቀና አድርጋ ስታየው አባባ ከኪሱ አፍ እስከ ታች ለሁለት ተከፍሎ፣ ባዘቶው በቀዳዳው ወደ ውሃው እየወረደ ነበር።

«ምን ሆነ?» አለች እናትየዋ ከወዲያ ክፍል።

«ምንም!»

ይቺን አንዲት ቃል ካለች በኋላ መመለሻ አጣች። አልጋ ልብሱን እንደ ሕጉ አውጥታ፣ አለቅልቃ፣ ከማጠቢያ ክፍሉ ጀርባ አደረቀችው። ከዚያ በሯን ዘግታ ሰፋችው። ባዘቶውን መለሰች፣ አዲሱን ጨርቅ ከሥር ደገፈች፣ የተቀደደውን ጫፍ ለጫፍ ገጥማ በቀጭን ክር ያዘችው። ደጋግማ ፈታች፣ ደጋግማ ሰፋች። ነገሩን ሆድ ይፍጀው ብላ ወስዳ እናቷን አለበሰቻት።

«ለቀቀ?» አለች እናትየዋ።

«ለቀቀ።»

«ለኔ አሁንም ቢጫ ነው። ይሁን።» እጇን ጨርቁ ላይ አንሸራተተች፤ መሀሉ ላይ ሲደርስ ቆም አለ፣ ከዚያ ወደ ዳር ሄደ። 

በረኪና አሁን ሁለት ነገር ታውቃለች፤ እናቷ እንደማታይና ዓይኗ ቢድን መጀመሪያ የምታየው ያንን ስፌት እንደሆነ። የዓይን ሞራ እንደሚገፈፍ ማን የማያውቅ አለ? በሰፈሩ እንኳን ተገፎላቸው ክር በመርፌ ቀዳዳ የሚያስገቡ አሮጊቶች አሉ። ነገ እወስዳታለሁ ትላለች፤ ነገ ሲመጣ ሥራ ይበዛል። ከዚያ ዝናብ ይሆናል። ከዚያ ጉንፋን ቢጤ ይዟታል ትላለች። ለራሷም «ትንሽ ቀን ነው፣ ጨርቁ ይረፍና ስፌቱን አሳምሬ እወስዳታለሁ» ትላለች። ዓይንን በጨው ማጠብ ማለት ይሄ ነው።

የጭነት መኪና የሚነዳው ወንድሟ ከመንገድ ሲመለስ ሊጠይቃቸው መጣ። እናትየዋ ውሃ ልትቀዳለት ብላ ከብርጭቆው አጠገብ ጠረጴዛው ላይ አንቆረቆረችው። ወንድምየው እህቱን ወደ ግቢ ጠራት።

«እማዬ አታይም እንዴ?»

«ታያለች ጋሼ። ደክሟት ነው።»

«ምን ደክሟት ነው፣ ውሃውን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሰችው እኮ! ለምን ሐኪም አታሳያትም? ጊዜ ከሌለሽ እኔ ልውሰዳት።»

«እኔ እወስዳታለሁ ብያለሁ አይደል! ሁልጊዜ መጥተህ የምታዘው አንተ፣ የማስታምማት እኔ!»

ወንድምየው ደነገጠ። እህቱ ጮሃበት አታውቅም። «እሺ፣ እሺ፣ አንቺ ታውቂያለሽ» ብሎ ሄደ። በረኪና ፍም የመሰለ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች፤ አልቀዘቀዘላትም።

ከዚያ በኋላ ቤት ውስጥ ያለው እርምጃ ሁሉ ልቧን ያንጠለጥለው ጀመር። እናትየዋ ከጓዳ ወደ ሳሎን ስትሻገር በረኪና ማጠቢያ ክፍሏ ሆና ጆሮዋን ትሰጣለች። አንድ ነገር ኳ ባለ ቁጥር ቆሌዋ ይገፈፋል። ደንበኛ ሲያናግራት የምትመልሰው ሌላ ነው። አንድ ቀን የሰው ትራስ ልብስ ሳትሞክር ዘፈዘፈች፤ ደግነቱ ምንም አልሆነ።

እናትየዋ ዝም ብላ መቀመጥ የማትወድ ሰው ናት። አንድ ከሰዓት በኋላ ልጇን ላግዛት ብላ ግድግዳውን እየዳሰሰች ማጠቢያ ክፍሉ ውስጥ ገባች። በረኪና ጀርባዋን ሰጥታ ዱቄት እየሰፈረች ነበር። ከምድጃው የወረደው የፈላ ውሃ በትልቁ ሳፋ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ በእንፋሎቱ ቤቱ ታፍኗል። እናትየዋ ሳፋውን እንደሌላ ቀኑ ልብስ የተለቀለቀበት መስሏት ጎንበስ አለች፣ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ሁለት እጇን ሰደደች።

በረኪና ዘወር ስትል ጣቶቹ ውሃው ላይ ሊደርሱ ነበር። እንዴት እንደዘለለች አታውቅም። እናቷን በወገቧ ይዛ ወደ ኋላ ስትስባት ሳፋው ተገለበጠ፣ ውሃው ወለሉ ላይ ተነነ፣ ሁለቱም ግድግዳው ሥር ተከምረው ወደቁ። የበረኪና እግር ተለብልቦ ነበር፤ ያን ጊዜ አልታወቃትም። የእናቷን እጆች ይዛ አገላብጣ አየቻቸው። ደህና ናቸው። እነዚያ ያንን ሁሉ የሰፉ እጆች።

«ምን ነበር?» አለች እናትየዋ። «ቀዝቃዛ አልነበረም እንዴ?»

በረኪና እናቷን አልጋዋ ላይ አስቀምጣ ለወንድሟ ደወለች። «ጋሼ፣ ነገ ጠዋት መኪና ይዘህ ና» አለችው፤ ድምፅዋን ሲሰማ ለምን ብሎ እንኳን አልጠየቃትም።

የዓይን ሐኪሙ በመብራቱ ካየ በኋላ ሁለቱም ዓይን ላይ ሞራ እንዳለ፣ የቀኙ በጣም እንደጠነከረ ነገራቸው። «ይገፈፋል፣ በቀኙ እንጀምራለን» አለ። «ግን ምነው እስካሁን አቆያችኋት? ሞራው እየጠነከረ ሲሄድ ቀዶ ጥገናውም አብሮ እየከበደ ነው የሚሄደው።» ወንድምየው እህቱን አያት። በረኪና አንገቷን ደፋች።

የቀዶ ጥገናው ቀን እናትየዋ የሆስፒታል ጋዋን ለብሳ በተሽከርካሪ ወንበር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። ወንድምየው ወረፋ ሊጠይቅ ሄዷል። እናትየዋ ዕድሜዋን በሆስፒታል የጨረሰች ሴት ብትሆንም ፈርታለች፤ የጋዋኑን ጫፍ ይዛ በጣቷ ትመረምራለች። በረኪና ጎኗ ተንበረከከች። አሁን ካልተናገረች መቼም እንደማትናገር ታውቃለች፤ ነገ የእናቷ ዓይን በርቶ ራሷ ብታየው ደግሞ ሌላ ውሸት ይሆናል።

«እማዬ፣ አልጋ ልብሱ ተቀዷል። አባባ ላይ። የቀደድኩት እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ጋዋኑን መዳሰሷን አላቆመችም።

«አውቃለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ካለበስሽኝ ቀን ጀምሮ። ያንን ጨርቅ እኔ ነኝ የሰፋሁት። እጄ የማያውቀው ስፌት ላይ ደረሰ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ትነግሪኛለሽ ብዬ። ነገ ትነግረኛለች፣ ነገ ትነግረኛለች ስል ቆየሁ።» እናትየዋ ፊቷን ወደ ልጇ ድምፅ አዞረች። «ከዚያ ወንድምሽ ስለ ሐኪም ሲያነሳ ስትጮሂበት ሰማሁ። ያን ጊዜ ገባኝ። እንዳላይብሽ ነው።»

በረኪና አይደለም ልትል አፏን ከፈተች። አልወጣላትም፤ እውነት ነበርና።

«ለአንድ ጨርቅ ብለሽ?» አለች እናትየዋ። አልተቆጣችም። እውነት መልሱን የፈለገች ትመስላለች።

ነርሷ መጥታ ወንበሩን ገፋችው። በሩ ተዘጋ። በረኪና እንደተንበረከከች ቀረች፤ ወንድሟ መጥቶ በክንዷ እስኪያነሳት ድረስ እዚያው ነበረች። «ምን አለችሽ?» ቢላት «ምንም» አለችው። ከዚያ ወዲያው «አይ፣ እውነቱን ነው የነገረችኝ» አለችና ሁሉንም ዘረገፈችለት። ወንድምየው ሰምቶ ሲያበቃ ፊቱን አዞረባት። ከጎኗ ግን አልተነሳም።

በማግስቱ ፋሻው ሲፈታ እናትየዋ መጀመሪያ ያየችው የሐኪሙን ኮት ነው። «ልጄ፣ ይሄ ኮት ሌላ ማጠቢያ ይፈልጋል፣ ክርኑ ጋ አልለቀቀም» አለችው፤ ሐኪሙና ነርሷ ከት ብለው ሳቁ። ወደ ልጇ ስታዞር ግን ሳቁ አልነበረም። ረጅም ጊዜ አየቻትና ፊቷን መለሰች። 

ቤት እንደገቡ እናትየዋ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ «አምጪው» አለች።

በረኪና አልጋ ልብሱን ጉልበቷ ላይ ዘረጋችላትና ፍርዱን እንደሚጠብቅ ሰው ፊቷ ቆመች። እናትየዋ ዳር ዳሩን በአዲሱ ዓይኗ ለቀም ለቀም አድርጋ አየች፤ የልጆቹን ቀሚሶች፣ የሠርጓን ገበር። ወደ መሀል ስትደርስ ቆም አለች።

«ነጭ ነው» አለች።

«አዎ።»

«ሦስተኛው እጥበት ነው ያነጣው?»

«አይደለም።»

«መጀመሪያ ያመጣሽልኝ ቀንስ?»

በረኪና እናቷን ላለማሳዘን ልትዋሽ ፈለገች፤ ግን ውሸት ምን እንዳደረጋት አይታለች። «ነጭ ነበር እማዬ። ልክ እንደዚህ ነጭ ነበር።»

እናትየዋ ኪሱን ዳሰሰች፣ ከኪሱ ሥር የወረደውን ስፌት በጣቷ ተከተለችው።  ከዚያ የድሮዋ የአንሶላ ክፍል ኃላፊ ፊቷ ላይ ተመልሳ መጣች።

«ስፌቱ ጠማማ ነው» አለች። «ተርትሪው።»

በረኪና ከልማዷ መቀሱን አነሳች። ጎንበስ ብላ ስፌቱን ስታየው ግን እጇ ቆመ። ያንን ስፌት እየፈታች እየሰፋች እንዴት እንዳቀናችው እሷ ታውቃለች። 

«ጠማማ አይደለም» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ጠማማ አይደለም እማዬ። ቀጥ ያለ ነው። አልተረትረውም።»

እናትየዋ ጨርቁን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፣ አራቀች፣ ወደ መስኮቱ አዞረችው።  በመጨረሻ አልጋ ልብሱን ጉልበቷ ላይ መልሳ አለሰለሰችው።

«ቀጥ ያለ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ምነው ያን ቀንም እንደዚህ በተሟገትሽኝ። አባባ ባልተቀደደ ነበር።»

በረኪና ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። እናቷም አጠገቧ እንድትቀመጥ ከአልጋው ላይ ቦታ ለቀቀችላት።